የጣልኩት የበሰበሰ እንጨት

የአናጺ ልጅ ነኝ። አባቴ ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ቀርቶ ካየ እራት የማይበላ ሰው ነበር። ጽዳቱን ከእሱ ወረስኩ፤ ሜልበርን ላይ ጉድ የሠራኝም ይኸው ጽዳት ነው።

እዚያው ዲር ፓርክ የሚባል ሰፈር ውስጥ አሮጌ መኪና የሚያድስ ጋራዥ ለእንጨት ሥራ ቀጠረኝ። ሰው መኪና ሁሉ ብረት ብቻ ይመስለዋል። የጥንቶቹ ባለሁለት በር ኩፔዎች ግን ከላሜራው ስር አጥንታቸው እንጨት ነው፤ እሱ ሲበሰብስ በሩ ይወርዳል፣ ጣሪያው ይንጋደዳል። ባለቤቶቹ እንጨቱን አሳድሰው፣ ጉልበተኛ ሞተር አስገጥመው ሆት ሮድ ይሏቸዋል። እኔ ከዚያ በፊት ቁም ሣጥን እንጂ መኪና ነክቼ አላውቅም።

አንድ ሽማግሌ ኩፔያቸውን አመጡልኝ። በወጣትነታቸው ከሟች ወንድማቸው ጋር የገዟት ናት። ዐይናቸው እየደከመ ነበር፤ ክረምቱ ሲያልቅ ሐኪሙ ድጋሚ ሲያያቸው መንጃ ፈቃዳቸውን እንደሚያጡ አልተጠራጠሩም። «ከዚያ በፊት አንድ ቀን ወደ ባሕሩ ልንዳት፤ ሌላ አልፈልግም» አሉኝ። ለፋሲካ አደርስልዎታለሁ አልኳቸው።

የበሰበሰውን እንጨት አንድ በአንድ ነቅዬ አወጣሁ። ነቀዝ የበላው፣ እጅ ላይ የሚፈረፈር ነው። አርብ ከሰዓት ወለሉን ስጠርግ ሁሉንም ሰብስቤ የቆሻሻ ገንዳው ውስጥ ጣልኩት። ገንዳው በማግስቱ ተወሰደ። ጥረግ ያለኝ የለም። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ለካ በዚህ ሥራ የበሰበሰው እንጨት ቆሻሻ አይደለም፤ አዲሱ የሚቀረጽበት ብቸኛው ልክ እሱ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም። ፈራሁ፣ አፈርኩም። በግምት ቀርጬ ስገጥም በሩ አልዘጋ አለኝ። ነቅዬ እንደገና ቀረጽኩ። ፋሲካ አለፈ። ሽማግሌው ሲደውሉ ትንሽ ቀርቷል እላቸዋለሁ። ባለቤቴ እውነቱን ንገራቸው፣ አባትህ ቢሆኑ እንዲህ ታደርጋቸው ነበር ወይ አለችኝ። ተቆጣኋት፤ ልክ ስለነበረች ነው።

አንድ ቀን ሳይደውሉ መጡ። በበሩና በሩ በሚገጥምበት የመኪናዋ ምሰሶ መካከል ጣታቸውን አስገብተው ከላይ እስከ ታች ዳበሱና አሮጌው እንጨት የት እንዳለ ጠየቁኝ።

«ጣልኩት» አልኳቸው።

ጃኬታቸውን አውልቀው ላሜራውን በእጃቸው ይፈትሹ ጀመር። ላሜራውን ከእንጨቱ ጋር ያያዙት የድሮዎቹ ሚስማሮች ቀዳዳ እዚያ ላይ ቀርቶ ነበር። ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እየመጡ፣ እሳቸው ቀዳዳውን በጣት ሲያገኙ እኔ ካርቶን ላይ ሳሰፍር፣ ልኩን ቀስ በቀስ መለስነው። ክረምቱን ሙሉ ፈጀብን። አንድም ቀን አልወቀሱኝም።

መኪናዋ ያለቀች ቀን በአውቶቡስ መጡ። መንጃ ፈቃዳቸው እንደተወሰደ ሳይነግሩኝ ገባኝ። በሩን ሦስት ጊዜ ከፍተው ዘጉት፤ ድምፁ ደስ አላቸው። ቁልፉን ስሰጣቸው መልሰው እጄ ላይ አኖሩትና አንተ ንዳ አሉኝ።

አጠገቤ ተቀምጠው ወደ ባሕሩ ወጣን። ይቅርታ ልል አፌን በከፈትኩ ቁጥር ስለ መንገዱ አወራለሁ። ምነው በሰደቡኝ እያልኩ፣ እንደ ጀማሪ ሹፌር በዝግታ ነዳሁ። ግማሽ መንገድ ላይ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ እንዳዞሩ ሳቅ አሉ።

«እኔ ብሆን እስካሁን ደርሰን ነበር።»