እንግዶቹ የቀሩበት ትርኢት

ከሰዓት ነው... ወገዳ ከተማ፣ በደርግ ጊዜ፣ ክረምቱ ገና መግባቱ። የገበሬ ማኅበሩ እህል መጋዘን ውስጥ ልብሳችንን ለብሰን፣ ፀጉራችንን አበጥረን እንግዳ እንጠብቃለን። የወረዳው ኪነት ቡድን ነን። እኔ ግጥም ጸሐፊውም፣ ግጥም አንባቢውም፣ አለቃውም ነበርኩ። ሃያዎቹን ገና መጀመሬ ነው፤ ራሴን የማየው ግን እንደ ትልቅ ሰው ነበር።

እንግዶቹ ከጎንደር የሚመጡ ጓዶች ናቸው። ለክፍለ ሀገሩ ኪነት ቡድን ሰው ይመርጣሉ ተብሏል። ሌላው ስለ ዘፈኑ ሲጨነቅ እኔ የተጨነቅኩት ስለ ወንበር ነው። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ባለ ስፖንጅ ወንበር ለምኜ አስመጣሁ፤ ከመድረኩ ፊት ለፊት መሀል ላይ አስቀመጥኩት፤ ነጠላም አለበስኩት። እዚያ ላይ የሚቀመጠው ሰው ከወደደኝ ጎንደር ገባሁ ማለት ነው... ካልወደደኝ ወገዳ ቀረሁ።

ከወረዳው ጽሕፈት ቤት የተላከ ዘበኛ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ ገባ።

«ጓዶቹ አይመጡም። ወንዙ ሞልቶ መኪናቸው ተመልሷል።»

ቅስሜ ስብር አለ። በዚያ ላይ የዕለቱ ዋና ግጥሜ አዝማቹ ምን የሚል መሰላችሁ...

«ተራራ ቢጋረድ፣ ወንዙ ቢሞላ፣
ወደ ፊት እንጂ የለም ወደ ኋላ!»

«በሉ ልብሳችሁን አውልቁና ወደየቤታችሁ!» አልኩ።

ከበሮ መቺያችን ሰይድ ነው። ገበያው ዳር ልብስ ይሰፋል፤ የስፌት መኪናውን ከዘጋ በኋላ ሌላ ቦታ አታገኙትም፣ ከበሮው ጋ ነው።

«አንተየ፣ አንዴ ለብሰናል፤ ከበሮውም ተወጥሯል። ትንሽ ተጫውተን አንሄድም?» አለኝ።

«ለማን ነው የምትጫወቱት? ለአይጦቹ?»

በሩን በላያቸው ላይ ወርውሬ ወጣሁ።

ግማሽ መንገድ ስደርስ ዝናቡ ለቀቀው። ለካ ጃንጥላዬን እዚያው ትቼዋለሁ... ወንዙንም ሰማዩንም እየረገምኩ ተመለስኩ። በሩ ጋ ስደርስ ግን እግሬ ቆመ።

ሌሎቹ ሄደዋል፤ ዘፋኛችን በላይነሽ ግን ከሰይድ ጋር ቀርታ ትዘፍናለች። ሁለት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ «እጅሽን ጨብጪ! አገጭሽን ቀና አድርጊ!» እያልኩ የማሰለጥናት እኔ ነኝ። እንዲህ ስትዘፍን ግን ሰምቻት አላውቅም። የመንደሯን የሠርግ ዘፈን ነው። ዓይኗን ጨፍና፣ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች ትጨምርበታለች፤ ሲበላሽባት ስቃ ታልፈዋለች። ሰይድ ወደ ከበሮው ጎንበስ ብሎ በስሱ ይመታላታል። ጭብጨባ የለ፣ መፈክር የለ፣ የሚያያቸው የለ... ደስ ብሏቸዋል። እኔ ባለሁበት እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ዘፈኑ ሲያልቅ ሰይድ ብድግ አለ። ደረቱን ነፋ። ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰቀለ። ድምፅ ሳያሰማ አፉን ብቻ እያንቀሳቀሰ ንግግር የሚያደርግ ሰው ሆነ። አንድ ስንኝ የጨረሰ ይመስልና አንገቱን ሰገግ አድርጎ ወንበሩን ያያል። ሌላ ይልና... እንደገና ወንበሩን። ጭብጨባ ሲዘገይበት ደግሞ እህህ እያለ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በላይነሽ ሆዷን ይዛ «ኧረ ተው አንተ!» እያለች መሬት ላይ ተቀመጠች።

እኔም በሩ ላይ ሆኜ ከት ብዬ ሳቅኩ። የሆነ የማውቀውን ካድሬ የሚያስመስል ነበር የመሰለኝ... እንዴት አድርጎ እንደያዘው!

ያኔ ሰይድ ድምፁን አውጥቶ «ወደ ፊት እንጂ የለም ወደ ኋላ!» አለ።

ግጥሙ የኔ ነው። እጁም፣ አንገቱም፣ ጉሮሮ መጥረጉም የኔ ነው።

ሳቄን ሰምተው ሁለቱም ዞሩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሰይድ የሰቀለውን እጁን ቀስ ብሎ አወረደ።

«ግባ እንጂ... ዝናብ እየመታህ ነው።»

«ጃንጥላዬን ረስቼ ነው።»

«ተቀየምከን?» አለች በላይነሽ።

«ኧረ ምን ሆኜ! ጨዋታ አይደል እንዴ!» አልኩ። ድምፄ ግን እንደ ልቤ አልወጣልኝም።

ሰይድ ትንሽ አየኝና «እንግዲያ አንተም አንድ በል። ዛሬ የሚያይህ የለም፤ ደስ እንዳለህ በለው» አለኝ። እያሾፈብኝ አልነበረም። የምሩን ነው የጋበዘኝ።

መድረኩ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። እኔም ይህን ሥራ ለራሱ ብዬ እንደምወደው ላሳያቸው ቆረጥኩ። የመጀመሪያው ስንኝ በሰላም አለፈ። ሁለተኛው ላይ ዓይኔ ወደ ወንበሩ ሄደ። መለስኩት። ሄደ። መለስኩት። ከዚያ ወዲያ ግጥም እያነበብኩ ይሁን ዓይኔን እየጠበቅኩ እኔም አላውቅም... በመጨረሻ ሳላስበው እግሬን ገጥሜ፣ ወደዚያ ነጠላ የለበሰ ወንበር ዞሬ፣ እጅ ነሳሁ።

ለባዶ ወንበር!

በሆዴ እንዲስቁ ለመንኩ። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። አልሳቁም። በላይነሽ አንገቷን ደፍታ መቀነቷን ማጥበቅ ጀመረች። ሰይድ ደግሞ ዓይኑን ቶሎ ከእኔ አነሳና ከበሮውን መታ... እፍረቴን ሊሸፍንልኝ ብሎ። እስከ ዛሬ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የሚያግለኝ ያ ደግነቱ ነው።

እነሱ ጨዋታቸውን ቀጠሉ። እኔ ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ፤ ሳልከፍተው ነው ቤቴ የደረስኩት።

ይኸው ሸምግዬም... ይቺን ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ከለጠፍኩ በኋላ «ማን ወደዳት?» እያልኩ ስልኬን ስንት ጊዜ እንደምከፍተው እኔና እግዜር ነን የምናውቀው።