ባላምባራስ አሥራት እንጉዳይ የቀመሱ ዕለት

የሱሉልታው ባላምባራስ አሥራት ከሰው ኋላ መሆን አይሆንላቸውም ነበር። ሠርግ ቤት ሲገቡ ዓይናቸው የሚፈልገው ሙሽራዋን ሳይሆን ከፍ ያለውን መቀመጫ ነው። አንዴማ ለአንድ ነጋዴ ወጥ ቀድሞ ቢወጣለት፣ የታጠቡትን እጃቸውን በጋቢያቸው አደራርቀው «ይህ ቤት ሰው አያውቅም» ብለው ሳይበሉ ወጥተዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺወርቅ ግን በልተው ነው የመጡት።

በሃምሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ በፍልሰታ ጾም፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ እሑድ፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞች ከቅዳሴ በኋላ እንጉዳይ ለቀማ ወጡ። ነገሩን የጫረችው ከሰበታ ተዛውራ የመጣችው አስተማሪ አትክልት ናት። «ሲጠበስ ሥጋ ሥጋ ይላል» ማለቷን የሰማ ጾመኛ ሁሉ ልቡ ተነሣ። ያስገድፋል፣ አያስገድፍም የሚል ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ቄስ ተድላ ራሳቸው ዘንቢል አንጠልጥለው ብቅ ሲሉ ክርክሩ አበቃ።

ሜዳው የኦቦ ቀጄላ የግጦሽ መሬት ነው። «አካም ቡልተኒ፣ ባላምባራስ!» ብለው በኦሮምኛ እንደምን አደሩ እያሉ በቅሏቸውን ተቀበሏቸው።

አትክልት አንዱን እንጉዳይ ነቅላ ለሁሉም አሳየች። «መጀመሪያ ገልብጣችሁ እዩት። ከጃንጥላው ሥር ያለው ሽንሽን ሮዝ ወይም ቡናማ ካልሆነ ተዉት። ደግሞ እግሩን ከታች በጥፍራችሁ ፋቁት። ቢጫ ካወጣና የጽሕፈት ቀለም ከሸተተ፣ እንዳትነኩት።»

ሰው ሁሉ አጎንብሶ መገልበጥ፣ መፋቅ፣ ማሽተት ጀመረ። ባላምባራስ ግን እንዲያጎነብሱ ክብራቸው አልፈቀደላቸውም። በከዘራቸው እየጠቆሙ፣ ሚስታቸውን እያስነቀሉ፣ ከሁሉ የገዘፈውንና ከሁሉ የነጣውን አስለቀሙ። ዘንቢላቸው ሲሞላ ለአትክልት ዘረጉላት። አንዱን ፋቀች፤ እንደ እርድ ቢጫ ሆነ። ሁለተኛውን ፋቀች፤ ያው ነው።

«ባላምባራስ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይኸ አይበላም። እስቲ ያሽትቱት።»

«የቄሱ ተበልቶ የእኔ ሊጣል?»

«ኧረ እንጉዳዩ ማን እንደለቀመው አያውቅም!»

ይህን ባትል ይሻል ነበር። ባላምባራስ ፊታቸው ተለዋወጠ። «የእኔ ለብቻው በድስት ይሠራልኝ!» አሉ።

በኦቦ ቀጄላ ግቢ ሁለት ድስት ተጣደ። ሽንኩርቱና ቃሪያው በኑግ ዘይት ሲንጫጫ የጾመኛው አፍ በምራቅ ሞላ። ከአንደኛው ድስት ግን ያ የቀለም ሽታ፣ የመዝገብ ቤት ቢሮ የተቀቀለ ይመስል፣ ግቢውን አወደው። ምግቡ ቀረበ። ባላምባራስ ሳይጀምሩ ማንም እጁን አይሰድም፤ ራሳቸው ያስለመዱት ሥርዓት ነው። ያን ጊዜ በሕይወታቸው ተናግረውት የማያውቁት ቃል ከአፋቸው ወጣ።

«አባ፣ እስቲ እርስዎ ይቅደሙ።»

ቄስ ተድላ ደነገጡ። «ከባላምባራስ በፊት? አይደረግም!»

«እንግዲያው ኦቦ ቀጄላ፤ ቤቱ የእርስዎ ነው።»

«ዋቃዮ! እኔ ከእርስዎ ቀድሜ? አገር ምን ይለኛል?»

እንዲህ ያለ ትሕትና ሱሉልታ ታይቶ አይታወቅም። ሁሉም ለሁሉም ይለቃል። በመጨረሻ አትክልትን አሳዘኗትና «ባላምባራስ፣ ይተዉት፤ ይጎዳዎታል» አለች። ትናንት የመጣች ልጅ በሰው ፊት ስትከለክላቸው ጊዜ የቀራቸው መውጫ ተዘጋ። ሦስት ጉርሻ፣ አንዱን ካንዱ አስከትለው ዋጡ። «ግሩም ነው» አሉ፤ ዓይናቸው ግን እንባ አቅርሯል። ሌላው ሰው ወደ ደኅናው ድስት ተረባረበ።

መንገድ ላይ ሆዳቸው ታወከ። ከበቅሎ ወርደው ወደ ቁጥቋጦ ሮጡ። ባላምባራስ በእግራቸው ሳሉ በበቅሎ ላይ መቆየት ነውር ነውና ተከታዩ ሁሉ ወረደ። ተመልሰው በቅሏቸው ላይ ሲወጡ ሁሉም ወጣ። ጥቂት ሄደው እንደገና ወረዱ፤ ሁሉም ወረደ። ቄስ ተድላ በመጨረሻ «እኔስ በእግሬ ብሄድ ይቀለኛል» ብለው በቅሏቸውን መጎተት ያዙ። ወይዘሮ የሺወርቅ ሳቃቸው እንዳያመልጣቸው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ወተፉት።

ጥቂት ቀን ተኝተው በስኳር ውኃ ዳኑ። ጠያቂ ሲመጣ «አንድ ሰው መቅመስ ነበረበት፤ ሕዝብ ከሚጎዳ እኔ ልጎዳ አልኩ» ይሉ ጀመር። መጀመሪያ ሰው ለይሉኝታ ብሎ «እውነት ነው» አለ። ለመስቀል ነገሩ ተስፋፍቶ ባላምባራስ ማኅበሩን ከሞት ያተረፉ ሰው ሆነዋል።

በዓመቱ ክረምት ሲገባ ኦቦ ቀጄላ እደጃቸው መጡ። «ባላምባራስ፣ እንጉዳይ ወጥቷል። ያለ እርስዎ ማን ይቀምስልናል?»

ባላምባራስ አመድ መሰሉ። ግን ክብር ነው፣ እንዴት እንቢ ይባላል? በቅሎ አስጫኑ። ወይዘሮ የሺወርቅ በጓሮ ዞረው ወደ አትክልት ቤት ገሰገሱ። «እመቤቴ፣ ከድስቱ በፊት አንድ ባንድ ፋቂልኝ» አሏት። «እሱ ይቅመስ፤ አንቺ ግን ለይተሽ ስጪው።»

ያን ቀን ባላምባራስ ዓይናቸውን ጨፍነው አንዷን ጎረሱ፤ ቀስ ብለው አላመጡ፤ ጠበቁ። ሰዉም ትንፋሹን ይዞ ጠበቀ።

«ይበላል!» አሉ።