«ያዘ» የሚለው ቃል በጋራዥ ቤት

ዲላ መናኸሪያ አጠገብ ሞተር ሳይክል ጥገና በተቀጠርኩበት ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ከማል የብሎን መፍቻ ቁልፍ ወርውረውልኝ «ያዝ!» አሉኝ። ያዝኩ። የኋላ ጎማ አፈታት አሳዩኝና «ያዝከው?» ሲሉኝ ቁልፉን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው።

ሳቁ። «ቁልፉን አይደለም፣ ሥራውን ነው እንጂ!»

ከዚያ ወዲያ ጆሮዬ ይህችን ቃል መልቀም ጀመረ። አንዱ ደንበኛ «ፍሬኑ አይዝም» ይላል፤ የፍሬኑ ሸራ ተበልቶ አልቋል ማለት ነው። ሌላው «ትራፊክ ያዘኝ» እያለ አርፍዶ ይመጣል። የዩኒቨርሲቲ ልጆች «ቀጠሮ ይዘናል» ብለው ያዋክቡናል። ከሁሉ የሚከፋው «ሞተሩ ያዘ» ነው። ዘይት አጥቶ የጋለው ፒስተን ከሲሊንደሩ ጋር ተጣብቋል፣ ሊፈታ ነው።

ኋላ ይርጋጨፌ ላይ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ታደሰ የሚባል የኮንጋ ገበሬ፣ የቆየ ደንበኛዬ፣ ደወለልኝ። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፤ በዚያ ላይ ያለከልካል።

«ያዛት! መንገድ ላይ ነን፣ ቶሎ ድረስ ወንድሜ!»

ሞተር ሳይክልን «እሷ» ማለት የሁላችንም ልማድ ነው።

«ድምፅ ነበራት?» አልኩት።

«ከጠዋት ጀምሮ ትጮሃለች!»

«ግላለች?»

«እንደ እሳት!»

«በል እንዳትነካካት። ውሃም እንዳታፈስባት።»

«እሺ» አለና ስልኩ ተቋረጠ።

የሲሊንደር መፍቻዬን ሁሉ ጭኜ በረርኩ። ኮንጋ መንገድ ላይ ስደርስ፣ እንሰት ሥር የታደሰ ሚስት አልማዝ ሆዷን ደግፋ ታቃስታለች። የያዛት ምጥ ነው። ወደ ጤና ጣቢያ ሲወስዳት የሞተር ሳይክሉ ሰንሰለት ተበጥሶበት ነው የደወለልኝ።

«ውሃ እንዳታፈስባት ያልከኝ ለምንድን ነው?» አለኝ፣ ግራ ገብቶት።

ለማስረዳት ጊዜ አልነበረም። መሣሪያዬን እዚያው ጥዬ አልማዝን በእኔ ሞተር ላይ መሃል አስቀመጥናት፤ ታደሰ ከኋላ ደገፋት። ጉድጓድ በመታን ቁጥር እሷም ትጮሃለች፣ እኔም እጮሃለሁ።

ጤና ጣቢያ አዋላጇ ተቀብላ ወደ ውስጥ አስገባቻት። እኔና ታደሰ በሩ ላይ ቆመን ቀረን። ብዙም ሳይቆይ የሕፃን ለቅሶ ሰማን። ሴት ልጅ ናት፤ እናትየውም ደህና ነች። ታደሰ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ።

አሁን ስልክ ሲደወልልኝ ከብልሽቱ በፊት «ማን ናት?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብረውኝ የሚሠሩትም እንዲሁ እንዲያደርጉ ነግሬያቸዋለሁ።