የእሑዱን ፊልም የምታነብልን ረሂማ

ባለፈው ቅዳሜ ፕላንፓሌ በሚባለው አደባባይ፣ አሮጌ ዕቃ ገበያው ላይ፣ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ የድሮ የቪዲዮ ማጫወቻ እንደሚሠራ ለገዢ ያሳያል። ካሴቱን ገፋ ሲያደርገው ማጫወቻው ጎርሶት ጭርር አለ፤ እኔም ባለሁበት ቀረሁ። ወላሂ፣ ከዚያ ድምፅ ቀጥሎ ረሂማ ጉሮሮዋን ስትጠርግ የምሰማ መስሎኝ ነበር።

ረሂማ ሰርቬት ሠፈር ስንኖር ከእኛ በላይ ካለው ፎቅ የነበሩት የእትዬ ዘይነባ ልጅ ናት። ያኔ እኔ ዘጠኝ ዓመቴ፣ እሷ ሃያ ብትሆን ነው። ከትምህርት ቤት የምታመጣኝ እሷ፣ ሹሩባ የምትሠራኝም እሷ። ስታበጥረኝ ስጮኽ "ቁንጅና በነፃ መሰለሽ?" እያለች ትስቅብኛለች።

እሑድ ከሰዓት ሴቶቹ ሁሉ እነሱ ሳሎን ይሰበሰባሉ፤ እናቴም አትቀርም። ጫማው በር ላይ ይከመራል፣ ሳምቡሳው ይጠበሳል፣ መጋረጃው ይጋረዳል፣ የህንድ ፊልም ይገባል። ከሥሩ የሚጻፈውን ፈረንሳይኛ ረሂማ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብላ በአማርኛ ታነብላቸዋለች። አባትየው ሲናገር ድምጿን ታወፍራለች፣ አማትየዋ ስትመጣ በአፍንጫዋ ትናገራለች። ሆዳችንን ይዘን እንስቃለን።

በዚያ ዓመት ለረሂማ ባል ተገኘላት። ዙሪክ አጠገብ ዲቲኮን የሚባል ከተማ፣ ዕቃ መጋዘን ውስጥ የሚሠራ የወሎ ሰው። እሷ የምትወደው ዳዊት የሚባል የሠፈራችን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ግን ክርስቲያን ነው፣ የእሱም ቤተሰቦች የእሷን ስም መስማት አይፈልጉም። "ሥራ አለው፣ የመኖሪያ ፔርሚ አለው፣ ይሰግዳል፤ ሌላ ምን አማረሽ?" አሏት እናቷ። አባቷም ቃል ሰጥተው ጨርሰዋል።

ከኒካው በፊት በነበረው እሑድ እትዬ ዘይነባ ስንት ዘመን ያፈላለጉት ፊልም ተገኘ። ደሴ ሳሉ ሲኒማ ቤት አይተውት፣ አንድ ቃል ሳይገባቸው አልቅሰው የወጡበት ነው። አንዲት የገጠር ልጅ የጎረቤቷን ልጅ ትወዳለች፤ ቤተሰቦቿ ግን ለሌላ መንደር ሰው ይድሯታል። ሙሽራዋ ደጃፉ ላይ የእናቷን እግር ይዛ "እማዬ፣ አትስጪኝ" አለች፤ ረሂማም አነበበች። ከዚያ ሙሽራዋ ዝም አለች፣ ጽሑፉም ጠፋ። ረሂማ ግን ቀጠለች።

"እማዬ፣ አልወደውም። ክፉ ሰው ነው አላልኩም። እዚያ አገር ማንንም አላውቅም፤ ጧት ስነሣ አጠገቤ እሱን ሳይ ምን እላለሁ? እማዬ፣ እባክሽ አንድ ጊዜ እዪኝ።"

ቤቱ በለቅሶ ተናጋ። እትዬ ዘይነባ በሻሻቸው ዓይናቸውን እየጠረጉ "ውይ በሞትኩት! የዚህች እናት አንጀት የላትም እንዴ?" አሉ። ከረሂማ በቀር ከመሃላቸው ፈረንሳይኛ ማንበብ የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ።

"እማዬ፣ እንደዚያ አላለችም እኮ! አልተጻፈም!"

"ኧረ ዝም በይ፣ እናልቅስበት!"

ረሂማ ዞር ብላ አየችኝ፤ ተይ እንደማለት ራሷን ነቀነቀች። ምን ላድርግ? ልጅ ነኝ፣ ማን ይሰማኛል?

በሳምንቱ ኒካው ታሰረ፤ በባቡር ወሰዷት። ሴቶቹ ጣቢያው ድረስ ሄደው እልል አሉ።

የሚቀጥለው እሑድ እትዬ ዘይነባ ያንኑ ፊልም አስገቡ። የሚያነብ ሲጠፋ "ነይ፣ አንቺ አንብቢልን" አሉኝ። ረሂማ ምንጣፉ ላይ የምትቀመጥበት ቦታ ተቀመጥኩ። ደጃፉ ላይ ስንደርስ "እማዬ፣ አትስጪኝ" አልኩና ዝም አልኩ።

"ቀጥዪ እንጂ" አሉ።

"አለቀ፣ እትዬ።"

"የምን አለቀ! ልጅቷ ብዙ ተናግራ ነበር እኮ።"

"አልተናገረችም፣ እትዬ። እሷ ያለችው ይቺን ብቻ ነው።"

ሪሞቱን አንሥተው ፊልሙን ወደ ኋላ መለሱት። ሙሽራዋ እንደገና እግር ላይ ወደቀች፣ እንደገና ዝም አለች። እትዬ ዘይነባ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ብለው አፏን አፏን ያያሉ። ደግመው መለሱት። ያን ቀን ማንም አላለቀሰም።