የእትዬ ጉድጓድ

በዚያ አካባቢ ጉድጓዱ ያስቸገረው ሰው ሁሉ «እስቲ ባለመስታወቱን ጥሩልኝ» ነበር የሚለው። ወላጆቹ ባወጡለት ስም የሚጠራው ጥቂት ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ከደረት ኪሱ ከማትለየው ትንሽ የመላጫ መስታወት ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ይንበረከክና የፀሐይን ጮራ በመስታወቷ ተቀብሎ ወደ ታች ይልከዋል። ያን ጊዜ የሲሚንቶ ቀለበቶቹ ስንጥቅም፣ ከጎን ሾልኮ የሚንጠባጠበው ውሃም ወለል ብሎ ይታየዋል። አንዳንዴ ማየትም አያስፈልገው። የፓምፑን እጀታ ሁለት ሦስቴ ይጫንና «ውሃው እስኪመጣ ድረስ ክንድሽ ይዝላል አይደል? ታች ውሃውን የሚይዘው ጎሚኒ አልቋል» ይላል። ውሃው ከቀላ ቧንቧው ዝጓል፤ ከዝናብ በኋላ ከደፈረሰ ደግሞ የላይ ጎርፍ መግቢያ ቀዳዳ አግኝቷል ማለት ነው። ለደንበኛ ሁሉ የሚላት አንዲት ነገር ነበረችው፦ «ሳይቃጠል በቅጠል።»

ሙያውን የጀመረው በታላቅ እህቱ ግቢ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት፣ እትዬ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጆች ነበሩ። በስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች አሳደገችው። ጎረምሳ ሳለ የግቢዋን ጉድጓድ ደለል ሞላውና ሊጠርግ ወረደ። ገመዱን ለሌላ ሰው አላስነካም ብላ ወገቧ ላይ ጠምጥማ የያዘችው እሷ ናት።

«ልቀቂልኝ እንጂ፤ እዚህ ተንጠልጥዬ ልደር ወይ?» አላት ከታች።

«እደር። ከምትወድቅ ተንጠልጥለህ እደር» አለችው ከላይ።

ይቺን ወሬ ላገኘችው ሁሉ እያወራች ሠላሳ ዓመት ስትስቅ ኖራለች።

አንድ ዓመት ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ግማሹ ሰፈር ጉድጓዱ ደፈረሰ፤ የባለመስታወቱ ስልክም ፋታ አጣ። ከደወሉት አንዷ እትዬ ነበረች።

«ውሃው ትንሽ ደፈረሰብኝ። ሽታም ያለው ይመስለኛል፤ አፍንጫዬም እንደ ዓይኔ አርጅቶ ካልሆነ» አለችው።

«እስከዚያው አፍልተሽ ጠጪ። ቅዳሜ እመጣለሁ።»

ቅዳሜ ጠዋት የወፍጮ ቤቱ ፓምፕ ከነቧንቧው ተበጥሶ ጉድጓድ ውስጥ ገባ። እሱን በገመድ ባወረደው መንጠቆ ሲያጠምድ ቀኑ መሸ። ረቡዕ ዕለት እትዬ ደግማ ደወለች፤ ገና ይቅርታ መጠየቅ ሲጀምር አቋረጠችው።

«ግድ የለም። ጭራሽ ውሃ የጠፋበት ሰው እያለ እኔ ምን ያስቸኩለኛል? ሲመችህ ትመጣለህ።»

እሱም ቀለል አለው። ሌላው ደንበኛ ይቆጣል፣ ይነጫነጫል፣ ደጁ ድረስ መጥቶ ይቆማል። እህት ትታገሣለች። የታገሠ ሰው ወረፋ ደግሞ እያደር ወደ ኋላ ይሸሻል። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል እንደሚባለው ነው።

አርብ ዕለት ከእሷ ቤት ሁለት ግቢ አልፎ ሥራ ነበረው። ሲመለስ በሯ ላይ ቆመ፤ ሞተር ሳይክሉን ግን አላጠፋም። እትዬ ለሰኞ የምታስረክበው ዩኒፎርም ላይ ቁልፍ እየተከለች ነበር። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣችና ውሃ በጣሳ አመጣችለት። ሁለት ሦስቴ ተጎነጨ። አፈር አፈር አለው፤ ከአፈሩም ኋላ ሌላ ነገር ነበረው። ከሱ የተሻለ ይህን ጣዕም የሚያውቅ በዚያ አገር አልነበረም።

«አፍልተሽ ነው አይደል የምትጠጪው?»

«አዎ፣ አዎ። ሂድ ወደ ሥራህ፤ ሰው ይጠብቅሃል።»

ጋዟ ካለቀ ሳምንት ሆኗት ነበር። ብትነግረው ሥራውን ጥሎ ሲሊንደር ተሸክሞ ሲንከራተት እንደሚውል ስለምታውቅ ዋጥ አደረገችው። እሱ ደግሞ ወደ ሰማይ ቀና ብሎ ደመናውን አየና ዛሬ መስታወቱ አይሠራም ብሎ ራሱን አሳመነ።

«ነገ ካልሆነ ከነገ ወዲያ ነኝ» አለና ነዳው።

በማግሥቱ ሆዱን ቁርጠት ያዘው። ምሳ ቤት የበላሁት ነው አለ፤ ሁለት ቀን ተመላለሰበትና ለቀቀው። የአርባ ሰባት ዓመት ጠንካራ ሰው ነበር። እትዬ ስልሳ ሞልቷት ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጎረቤቷ ደወለችለት። «ዩኒፎርሙን ልወስድ ብመጣ ከአልጋ መነሣት አቅቷታል» አለችው። ደግፎ ጤና ጣቢያ ሲያስገባት ሰውነቷ እንደ ጨርቅ ቀልሎታል። ነርሷ ጉሉኮስ ሰክታላት ጥያቄ ጀመረች።

«እማማ፣ የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?»

«ከግቢዬ ጉድጓድ።»

«ችግር ይኖርበት ይሆን?»

እትዬ የደረቀ ከንፈሯን አርጥባ ወደ እሱ ዞረች። «የለበትም፤ ወንድሜ እኮ የጉድጓድ ባለሙያ ነው» አለች። በኩራት ነበር ያለችው። ነርሷም ቀና ብላ አየችው።

ስትወጣ ተከትሏት ኮሪደሩ ላይ ደረሰባትና «ውሃው ነው» አላት። «ነግራኝ ነበር። አልሄድኩም።»

ነርሷ ጻፈችው። «ትንሽ ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ…» አለችና ቀሪውን ተወችው።

እትዬ በማግሥቱ ረፋድ ላይ አረፈች። ከዚያ በፊት የተናገረችው ስለ ዩኒፎርሞቹ ነው፤ የሁለቱ እጅጌ እንዳልተቀመቀመ ለጎረቤቷ እንዲነግራት።

ከቀብሯ በኋላ በሦስተኛው ቀን ዕቃውን ይዞ ግቢዋ ገባ። መስታወት ማውጣት አላስፈለገውም። የጣሪያውን ውሃ ወደ ውጭ እንዲያሻግር ብሎ ራሱ የቆፈረው ቦይ በደለል ተደፍኗል። ውሃው ጉድጓዱ ዙሪያ እየተኛ ልስኑን በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ጣት በሚያስገባ ስንጥቅ ሰንጥቆታል፤ በዚያው ወርዶ የመጀመሪያውንና የሁለተኛውን ቀለበት መገጣጠሚያ አላቅቆታል። ቦዩን ጠረገ፣ ዙሪያውን ቆፍሮ ሸክላ አፈር ጠቀጠቀ፣ በሲሚንቶ ለሰነ። ሲጨርስ ፀሐይዋ ገና አናቱ ላይ ነበረች። ግማሽ ቀን። መዶሻውን እንደያዘ ልስኑ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

የእትዬ አንድያ ልጅ ከምትሠራበት ከተማ ለቀብር መጥታ እዚያው ነበረች። ከቤት ወጥታ ከፊቱ ቆመች።

«አጎቴ፣ ውሃው ነው?»

«ውሃው ነው።»

«ታውቅ ነበር?»

«ሁለቴ ደወለችልኝ። ሦስተኛውን ራሴ ቀመስኩት።»

ልጅቷ አልጮኸችም። «ስደውልላት ሁሉ ‹አጎትሽ ነገ ይመጣል› ነበር የምትለኝ» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ ነገ ትመጣ ነበር።»

የስፌት መኪናዋን ብቻ አስጭና ሄደች፤ ቤቱን ለአንድ መምህር ቤተሰብ አከራየችው። እሱ ሲደውልላት አታነሣም፤ እሱም አልፈረደባትም።

ሥራውን አልተወም። ደንበኞቹ እንደ ድሮው ያሞግሱታል፤ እሱ ግን ሙገሳ ሲሰማ ወሬ ይቀይራል። የሚቆጣውንና የሚጮኸውን ያስጠብቅና «ሲመችህ» ያለው ሰው ዘንድ በዚያው ዕለት ይሄዳል። ሰው ግራ ይገባዋል እንጂ ምክንያቱን አያውቅም። ከዝናብ በፊትና በኋላ ደግሞ ሳይጠሩት የእትዬን ግቢ ይከፍታል፣ ቦዩን ይጠርጋል፣ በጉድጓዱ ክሎሪን ጨምሮ፣ አሳድሮ፣ ሽታው እስኪጠፋ ይቀዳል። የመምህሩ ልጆች ከዚያ ውሃ ይጠጣሉ። እሱ ግን እስከ ዛሬ በአፉ አላዞረውም።

በሁለተኛው ዓመት፣ ዝናቡ በጠነከረ ሰሞን፣ ከዚያው ግቢ ሲወጣ ስልኩ ጠራ። የእህቱ ልጅ ናት።

«ውሃው ደህና ነው?» አለችው፤ ሰላምታም የለ።

«ደህና ነው። አሁን አይቼው መውጣቴ ነው።»

ትንፋሿ ይሰማዋል።

«ቢሆንም ልጆቹ አፍልተው ይጠጡ በላቸው።»

«እሺ፣ እነግራቸዋለሁ።»

ዘጋችው። ስልኩን ኪሱ ከተተና ለመምህሩ ሚስት ሊነግራት ተመልሶ ገባ።