አመዴን ያስታመምንበት በጋ

ባለፈው ዓመት ጎረቤቴ ልጇን እከክ ይዞባት ከመተማ ያስመጣችውን የኒም ቅጠል በትልቅ ድስት ስትቀቅል፣ ሽታው በአጥሩ ተሻግሮ ቤቴ ገባ። ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ የሚቀር መራራ ሽታ ነው። ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁት፣ ግን አልወጣልኝም፤ የገዳሪፍ ግቢያችን፣ የእማየ የተቋጠረ ፊትና የአህያችን የአመዴ የቆሰለ ጎን ተከታትለው መጡብኝ። ያን ጊዜ የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ የልጆች እናት ነኝ፤ ንዴቱ ግን የትናንት ያህል ነው።

ወደ ሱዳን፣ ወደ ገዳሪፍ የተሻገርነው በሰባ ሰባቱ ረሃብ መግቢያ ላይ፣ ቋራ ቆላ ያለው ማሳችን ሁለት ክረምት ተከታትሎ ባዶ ከቀረ በኋላ ነበር። አባየ ቀደም ሲል ለሰሊጥ አጨዳ እየተመላለሰ አገሩን ስለሚያውቀው መንገዱን የመራን እሱ ነው፤ ያደረሰችን ግን አመዴ ናት። ያኔ አራት ዓመቱ የነበረው ወንድሜ ጌትነት በወባ እየተንቀጠቀጠ፣ በነጠላ ጀርባዋ ላይ ታስሮ ነው ድንበሩን ያለፈው። አመዴ እማየና አባየ ከተጋቡ ጀምሮ ቤታችን የኖረች፣ ቀለሟ አመድ የመሰለ፣ የግራ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ አሮጊት አህያ ነበረች። ጌትነት ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ማንም ሳያዛት ቆማ እስክናስተካክለው ትጠብቀን ነበር፣ ይህን ሰው ነግሮኝ ሳይሆን በዓይኔ ያየሁት ነው።

ከተማው ስንደርስ ሐጂ እድሪስ የሚባሉ፣ ከጎንደር በኩል መጥተው በሱቅ ንግድ ብዙ ዘመን የቆዩ ሰው፣ ከግቢያቸው ጥግ አንዲት የሣር ጎጆ ሰጡን። ከጎጆዋ ፊት ለፊት ሱዳኖች ራኩባ የሚሉት፣ በአራት ቋሚ ላይ በአገዳ የተሸፈነ ዳስ ነበረ፤ እሱ የአመዴ ሆነ። በዚያ ክረምት እማየ ከጉድጓዱ በሁለት የቆዳ ከረጢት ውሃ እያስጫነች ለሻይ ሻጮችና ለየቤቱ ታደርስ ነበር፣ እኔም ከኋላ እየተከተልኩ እንደ አገሩ ሰዎች «ሞያ! ሞያ!» እያልኩ እጣራ ነበር፣ በአረብኛ ውሃ ማለት ነው። ዝናቡ እዚያም አልሆነም። ደመናው ከሰዓት በኋላ ይከመርና ሰው ሁሉ አንገቱን አቅንቶ እያየው ተበትኖ ይሄዳል፣ ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ራሳቸውን እየነቀነቁ ይገባሉ። ዝናብ ሲጠፋ ውሃችን ፈላጊው በዛ፣ አመዴም ከወትሮው ይበልጥ ትመላለስ ጀመር።

መስከረም ላይ አባየ ከሌሎች የቆላ ሰዎች ጋር በጭነት መኪና ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መፋዛ ሊሄድ ተነሣ። አመዴ በዚያ ሰሞን ያኘከችውን ሣር ሳትውጥ እያንከባለለች መትፋት ጀምራ ነበር። አባየ ሊወጣ ሲል አፏን ከፍቶ አየ፣ ዘጋው፣ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። እኔ አጠገቡ ቆሜ ፊቱን ፊቱን አየው ነበር። መኪናው ሲያጮህ ጎንበስ ብሎ ግንባሬን ሳመና፣

«እስክመጣ ጠብቂያት» አለኝ።

ያለኝ ይቺን ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው በዚህች ቃል ምክንያት ነው።

ጥቅምት ሲያልቅ አመዴ ጭነት ይዛ መንገድ መካከል ተንበረከከች። ሐጂ እድሪስ አዝነው በመንግሥት የከብት ሕክምና ያገለገሉ፣ በይጠሪ እየተባሉ የሚጠሩ አንድ ሽማግሌ ሱዳናዊ ይዘውልን መጡ። ሰውየው ጆሯቸውን ሆዷ ላይ ለጥፈው ብዙ አዳመጡ፣ ጥርሷን በጣታቸው ዳሰሱ፣ ከዚያ ተቀምጠው በአረብኛ ረጅም ነገር ተናገሩ፣ ሐጂም ለእማየ እያሳጠሩ ይተረጉሙላት ነበር። ከእንግዲህ እንዳትጫን። የሰሊጥ መጭመቂያው የሚጥለውን ፋጉሎ፣ እነሱ ኡምባዝ የሚሉትን፣ በሞቀ ውሃ አርሶ በትንሽ በትንሹ መስጠት፤ እምቢ ካለች አለማስገደድ። የጀርባዋን ቁስል በተቀቀለ የኒም ቅጠልና በጨው አጥቦ የሰሊጥ ዘይት መቀባት። ከተኛች ጎኗ እንዳይቆስል እያገላበጡ ማስተኛት። በመጨረሻ ሽማግሌው እጃቸውን አራገፉና «ኸላስ» አሉ። ኸላስ አለቀ ማለት እንደሆነ አውቅ ነበር፣ ግን የእሳቸው ሥራ ያለቀ መሰለኝ።

እማየ ገብቷታል፣ ሐጂም ገብቷቸዋል። የነገሩን ሁሉ ለማዳኛ ሳይሆን ሳትሠቃይ እንድትሞት ነበር። ሥራውን የምሠራው ግን እኔ ስሆን ይህን ቁጭ አድርጎ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እኔ መድኃኒት የታዘዘላት መሰለኝ። እያንዳንዱን ነገር ሳላጓድል ካደረግኩ፣ አባየ ሲመጣ ቆማ የምትቀበለው መሰለኝ።

ኅዳርና ታኅሣሥን እንዲህ አሳለፍናቸው። ጠዋት ተነሥቼ ከሐጂ ግቢ ዛፍ የኒም ቅጠል እለቅማለሁ፣ እቀቅላለሁ፣ ቁስሏን አጥባለሁ፣ ዝንቡን በጨርቅ አባርራለሁ፣ ከዚያ ጌትነትን ይዤ ወደ ዘይት መጭመቂያው እሄዳለሁ፣ በግመል የሚዞረው መጭመቂያ ሥር የወደቀውን ፋጉሎ ጠርጌ በጨርቅ ቋጥሬ እመለስ ነበር። እማየ ደግሞ አመዴ የተወችውን ሥራ በራሷ ጀርባ ተሸክማው ነበር፤ ውሃውን በጀሪካን አዝላ ስትመላለስ ውላ ትገባና ወገቧን ይዛ ራኩባው ሥር የምሠራውን ቆማ ታየኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ታግዘኛለች፣ አንዳንድ ቀን ትቆጣለች። «ለአህያ ይህን ያህል የምትለፊ ለወንድምሽ ሽሮ ብታማስይ ምን አለበት?» ትለኛለች። ሽሮውን አማስላለሁ፣ ግን ልቤ ራኩባው ሥር ነበር። አመዴ እየሳሳች የጎድን አጥንቷ እየተቆጠረ ሲሄድ፣ እኔ የቀረ ነገር ያለ እየመሰለኝ ቅጠሉን አበዛለሁ፣ ጨውን አበዛለሁ፣ እሷም ቁስሏ ሲለበልባት ቆዳዋን ታንቀጠቅጣለች። እጄን ነክሳኝ አታውቅም። ብትነክሰኝ ይሻለኝ ነበር እላለሁ ዛሬ።

ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ ከድንበሩ የሚመጣው ሰው በዛ። በየመኪናው ተጭነው የሚመጡ፣ እግራቸው ያበጠ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰዎች በከተማው ጥግ ይራገፉ ነበር፣ ወደ መጠለያ ጣቢያ እስኪወሰዱ ድረስም በየግቢው ይለምኑ ነበር። አንድ ቀን ጨርቅ ላጥብ ዞር ብዬ ስመለስ፣ ሕፃን ያዘለች አንዲት ሴት ራኩባው ሥር ተንበርክካ ለአመዴ ያራስኩትን ፋጉሎ በእጇ እየዛቀች ትበላለች፣ ጣቷንም ለሕፃኑ ታስልሰዋለች። ሮጬ ሳህኑን ነጠቅኳት። «የአመዴ ነው!» ብዬ ጮህኩባት። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ለመነሣት መሬቱን ተደገፈች።

እማየ ከጎጆው ወጥታ በጥፊ መታችኝ። በሕይወቷ የመታችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። ሴትዮዋን አስገብታ የእኛን እራት ሰጠቻት፣ ሳህኑን ግን ለእኔ መለሰችልኝና ከፊቴ ቁጢጥ ብላ፣

«እኔስ ምን ላድርግ? የቱን ልተው?» አለችኝ።

ጠይቃኝ አልነበረም። ያን ዕለት በእማየ ተናደድኩ፣ በሴትዮዋ ተናደድኩ፣ በአመዴም ጭምር ተናደድኩ፣ የቀማሁላትን ፋጉሎ አፏ ላይ ሳስጠጋላት አሽትታው ፊቷን አዞረች። የሴትዮዋን እጅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ስሟን እንኳ አልጠየቅናትም።

ጥር እንደ ገባ አመዴ ተኛች፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሣችም። ሐጂ እድሪስ ሁለት የማሽላ ጆንያ ሰፍተው በሆዷ ሥር አሳልፈው ከራኩባው ምሰሶ ጋር በገመድ ሊያቆሙልን ሞከሩ፣ እግሮቿ ግን ተንጠለጠሉ እንጂ መሬት አልረገጡም፣ መልሰን አስተኛናት። ከዚያ በኋላ እኔና እማየ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ ጆንያውን ይዘን እየጎተትን እናገላብጣት ነበር። ጎኗ ግን ቆሰለ። ውሃ በጨርቅ እያጠጣሁ፣ ዓይኗን እየጠረግኩ፣ «አባየ እየመጣ ነው» እላት ነበር። አባየ ግን አልመጣም። ሰሊጡ ሳይያዝ ቀርቶ ወደ ማሽላው ማሳ ተሻግሯል የሚል ወሬ ብቻ ነው የደረሰን።

በአምስተኛው ቀን በይጠሪው ተመልሰው መጡ። ከዓርብ ስግደት መልስ ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ነበሩ፣ ልብሳቸው ይቆሽሻል ሳይሉ አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ ለረጅም ጊዜም ግንባሯን አሹ። ከዚያ ለሐጂ ነገሯቸው፣ ሐጂም ለእማየ፦

«ከዚህ በላይ ማቆየት ግፍ ነው ይላሉ። ጠመንጃ ያለው ሰው ላምጣና ላሳርፋት ይላሉ።»

እማየ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «ይሁን ሐጂ» አለች።

ያኔ ነው የገባኝ። ከሁለት ወር በላይ የለፋሁበት ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ በዚያች ሰዓት ነው። አመዴ አንገት ላይ ተጠምጥሜ ተኛሁና አልነሣም አልኩ። አባየ እስክመጣ ጠብቂያት ብሎኛል፣ ለእኔ ነው አደራ የሰጠኝ፣ ማንም አይነካትም እያልኩ አለቀስኩ። ሐጂ ሊያነሡኝ ሞከሩ፣ እማየ «ይተዋት» አለቻቸው። ሽማግሌው ምን እንዳልኩ ጠይቀው ሲተረጎምላቸው አንዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ተነሥተው ልብሳቸውን አራገፉና ሄዱ።

ከዚያ በኋላ አራት ቀን ቆየች። አራቱን ቀን መናገር አልፈልግም። ትንፋሿ በጎጆው ግድግዳ በኩል ይሰማ ነበር፤ ጌትነት ጆሮውን ይዞ ይቀመጥ ነበር፤ ማባረር የማልችለው ያህል ዝንብ ነበር። ማቆየቴ እንደ ጎዳት አውቄዋለሁ፣ ግን ቃሌን እንዴት እንደማፈርስ አላወቅኩም።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ አባየ መጣ። ከስቶ፣ ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ፣ በትከሻው ግማሽ ጆንያ ማሽላ ይዞ በአጥሩ በኩል ገባና ራኩባው ሥር ሲያይ ጆንያውን ጣለው። ሮጬ «ጠበቅኳት አባየ» አልኩት። እንዲያመሰግነኝ ነበር የጠበቅኩት። እሱ ቁስሏን አየ፣ እማየን አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ምነው እስካሁን አሠቃያችኋት?» አለ።

«እስክመጣ ጠብቂያት አላልከኝም?»

«ሌባ እንዳይወስዳት ብዬ ነዋ ልጄ። ጥርሷን ሳይ እኮ እንደማትከርም አውቄያለሁ።»

አወቀ ማለት ነው። ከመጀመሪያው ቀን አውቋል። መኪናው ስላጮኸበት፣ ወይም ልጅ ናት ብሎ፣ ወይም ለራሱም መናገር ስለከበደው፣ ያወቀውን ይዞት ሄደ።

ወዲያው ጌትነትን ይዤ ውሃ እንድቀዳ ላከኝ። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ፀሐይ አናት ላይ ነበረች። ከግቢያችን በኩል አንድ ተኩስ ተሰማ፣ ሰልፈኛው ዞር አለና ወደ ወሬው ተመለሰ። ስደርስ ራኩባው ሥር ተጠርጓል፣ አመድ ተበትኖበታል፣ የጋሪ ጎማ ምልክት እስከ በሩ ድረስ ይታያል። ዘጠኝ ቀን አጠገቧ ተቀምጬ የመጨረሻዋን ሰዓት ነጠቁኝ። ለልጅ አይሆንም ብለው ነው። ከሁለት ወር በላይ ቁስል ማጠብ ለልጅ ሆኖ፣ መሰናበት ለልጅ አይሆንም።

ለአባየ እስከ ዐቢይ ጾም ድረስ ከአዎና ከአይደለም በቀር አልመለስኩለትም። እሱም አልጠየቀኝም፤ ማታ ማታ ራኩባው ሥር ብቻውን ይቀመጥ እንደነበር ግን አይ ነበር። ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላም ነገሩን አንሥተን አልተነጋገርንበትም። አሁን በሕይወት የለም፣ እማየም የለችም፣ ልጠይቀው የምፈልገው ጥያቄም እንዳለ ቀረ።

ዛሬ ኑሮዬ ጎንደር ነው። ባለፈው ሚያዝያ አሥራ አራት ዓመት የኖረው ውሻችን ከበሩ ሥር መነሣት አቃተው። የከብት ሐኪሟ፣ የጎረቤት ልጅ የሆነች ወጣት፣ ቤት ድረስ መጥታ አየችውና ኩላሊቱ እንደደከመ ነገረችኝ፤ ሥቃዩ ከባሰ ደግሞ የምትወጋው መርፌ እንዳላት፣ እዚሁ በለመደበት ቦታ መሆን እንደሚችል ነገረችኝ። እኛ ጠመንጃ ያለው ሰው በምንፈልግበት ዘመን ይህ የለም ነበር። ግን መርፌ ባይኖር ኖሮም እኮ፣ አንድ ነገር መናገር ይቻል ነበር።

ሐኪሟን ሸኝቼ ስመለስ ትንሹ ልጄ ከውሻው ጎን ተኝቶ ጆሮውን ያሻል። ቀና ብሎ «ይድናል?» አለኝ። አፌ ላይ የመጣልኝ ይድናል የሚለው ነበር፣ ያላሰብኩት፣ ተዘጋጅቶ የቆየ ይመስል። ዋጥ አድርጌ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«አይድንም» አልኩት።

አለቀሰ፤ ጠበቅኩት። ትንሽ ቆይቶ ፊቱን በእጅጌው ጠርጎ፣ «ታዲያ ምን ምን እናደርግለታለን?» አለኝ፣ እኔም አንድ በአንድ ነገርኩት።