ቀሪው ፀጉርህ ሲያድግ

ሰፈሩ ሁሉ ጋሽ ምዕራፍ ይለዋል። ስሙ አይደለም፤ እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ባለቤቱ፣ ልጁና ምናልባት መታወቂያ የሚያድሱለት ሰዎች ናቸው። ዕድሜውን ሙሉ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ወሬ ይወዳል። ሌሎቹ ስለ ኳስ፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሰው ትዳር ሲያወሩ እሱ የሚያወራው ያነበበውን ልብ ወለድ ነበር። ያውም ሙሉውን አይደለም፤ አንድ ቁርጥ፣ አንድ ምዕራፍ። ታሪኩ ልብ የሚሰቅልበት ቦታ ላይ ሲደርስ መቀሱን ያስቀምጣል፣ የደንበኛውን አንገት በብሩሽ ይጠርጋል፣ ጨርቁን በር ላይ ወጥቶ ያራግፋል። "ከዚያስ?" ሲሉት መልሱ አንድ ነው።

"ቀሪው ፀጉርህ ሲያድግ።"

ነገሩ የተጀመረው በብልጠት ሳይሆን በፍርሃት ነው። ገና ሥራ ሲለምድ፣ አጎቱ ሱቅ ውስጥ፣ እሳት ላይ የተቀመጠ ይመስል የሚቁነጠነጥ ደንበኛ ገጠመው። ምላጩ ሰውየው ጉሮሮ ላይ ነው፤ ሰውየው ግን አንዴ ወደ በሩ፣ አንዴ ወደ ጣሪያው ይዞራል። ዛሬስ ሰው መግደሌ ነው ብሎ የተጨነቀው ለማጅ አፉ ላይ የመጣለትን ቀባጠረ፤ የመጣለት ደግሞ ሰሞኑን ሲያነበው የነበረው ልብ ወለድ ነበር። ሰውየው ፀጥ አለ። ከጥቂት ቀን በኋላም ጢሙ በወጉ ሳይበቅል ተመልሶ መጣ። አጎቱ ይህን አየ፤ ከዚያ ወዲያ መጽሐፍ ሲያነብ "ሥራ ፈት" ብሎት አያውቅም።

አጎቱ ሲያርፍ ሱቋ የእሱ ሆነች። በልብስ ሰፊውና በቁልፍ ቀራጩ መካከል የተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አንድ የሚሽከረከር ወንበር፣ ጥጉ የተሰነጠቀ መስታወት፣ ተራ ጠባቂ የሚቀመጥበት አግዳሚ። የአልኮልና የፓውደር ሽታዋ እስከ መንገዱ ይወጣል። አግዳሚው ላይ ፀጉሩን የሚቆረጥ ብቻ አልነበረም የሚቀመጠው። ልብስ ሰፊው መርፌውን ደረቱ ላይ ሰክቶ ይመጣል፤ ቁልፍ ቀራጩም በሩን ክፍት ትቶ ይመጣል። ትችቱ እዚያ ነበር። ልብስ ሰፊው ርኅሩኅ ነውና ሁሉንም ገጸ ባሕርይ ይቅር ይላል፤ ባሏን የመረዘችውን ሴት እንኳ "አናደዷታ" ብሎ አልፏታል። ቁልፍ ቀራጩ ግን ይቅርታ አያውቅም።

"በፀጉር መርፌ በር ከፈተ?" ይላል። "ይሄ ደራሲ በዕድሜው በር አይቶ አያውቅም። የቀረውን አታውራልኝ።"

በማግስቱ ግን ቀድሞ አግዳሚው ላይ የሚገኘው እሱ ነው።

ጋሽ ምዕራፍ ማስታወሻ ይዞ አያውቅም። የማን ታሪክ የት ላይ እንደቆመ የሚያውቀው ከጭንቅላት ነው፤ ከደንበኛው ጭንቅላት ማለቴ ነው። ፀጉሩ ጆሮውን መሸፈን ከጀመረ ቆይቷል ማለት ነው፤ እንግዲህ ሌባው ከእስር ቤት ሊያመልጥ ነው። ማጅራቱ ላይ ብቻ ከጎፈረ ገና ነው፤ ሌባው መጋዙን አላገኘም። ጠዋት ሱቅ ሳይከፍት አንድ ልብ ወለድ፣ ማታ ሌላ ያነብ ስለነበር ባንድ ወቅት ሁለት ታሪክ ለየሰው ይከፋፍላል። ግን ጣቱን ከሰው ፀጉር ውስጥ ሲያስገባ የትኛው ታሪክ የማን እንደሆነ ጣቱ ራሱ ይነግረዋል። እንዲህ ሲል ሰው ይስቅበት ነበር። እሱ ግን ከልቡ ነው።

ጣቱ የተሳሳተው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሾፌሩ።

ሾፌሩ የጭነት መኪና ነጂ ነው። ዝምተኛ፣ ትከሻው በሩን የሚሞላ፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማ ሰው። የእሱ ታሪክ ስለ አንዲት ባሏ የሞተባት ዳቦ ጋጋሪ ነበር፤ የባሏ ወንድም ቤቱን ሊነጥቃት ፍርድ ቤት ያመላልሳታል። ታዲያ አንድ ጊዜ ሾፌሩ መኪናው ሩቅ አገር ተበላሽቶበት ከርሞ መጣ። ፀጉሩ ከማጅራቱ አልፎ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ጋሽ ምዕራፍ እንዲህ ያለ ፀጉር በእሱ ላይ አይቶ አያውቅም፤ ጣቱን አስገባ፣ ግራ ገባው፣ እንደመሰለው ጀመረ። የጀመረው ግን የሌላውን መጽሐፍ ነው፤ መርከቡ ከሰጠመችበት በኋላ ፈቃዱን ተነጥቆ የወደብ ዘበኛ ስለሆነው የመርከብ አዛዥ።

ግማሽ ራስ ከቆረጠ በኋላ ባነነ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። "ይቅርታ፣ ያንተ አይደለም" ሊል አፉን ሲከፍት መስታወቱን አየ። ሾፌሩ ዓይኑን እንደጨፈነ ፈገግ ብሏል። ከዚያ ሁሉ መንገድ የመጣ ሰው እንዴት ተደርጎ ይቀሰቀሳል? እንዲህ ከማደርግ ብሎ የመርከቡን አዛዥ በዝናብ አበሰበሰውና ዳቦ ሊገዛ ሴትዮዋ ሱቅ አስገባው።

ከዚያ በኋላ መመለሻ አልነበረም። ሾፌሩ በመጣ ቁጥር ሁለቱ ሰዎች ይገናኛሉ፤ አዛዡ የዱቄት ጆንያ ይሸከምላታል፣ እሷ ክሷን ታወያየዋለች። ጋሽ ምዕራፍ ከመጽሐፍ ያልተገኘ ነገር ሲያወራ የመጀመሪያው ነበርና መቀሱን ሲያነሳ ልቡ ይመታል። ለባለቤቱ እንኳ አልነገራትም። በመጨረሻ አዛዡ ጥሪ መጣለት፤ አዲስ መርከብ ሊሰጡት ነው፣ ጠዋት ይነሳል። ወደ ዳቦ ቤቱ ሄዶ በሩ ላይ ቆመ። እዚህ ላይ የሾፌሩ ፀጉር አለቀ።

"ቀሪው ፀጉርህ ሲያድግ።"

ሾፌሩ አልተመለሰም። መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ መሥመር አዛወረው አሉ። ዓመታት አለፉ። ልብስ ሰፊው አረፈ፣ ቁልፍ ቀራጩ ልጁ ጋ ሄደ። የጋሽ ምዕራፍም እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አንድ ቀን የአንድ ደንበኛ ጆሮ ሸረፍ ሲያደርግ የፀጉር መቁረጫ ቶንዶሱንም ምላጩንም ሰበሰበና ሱቁን ዘጋ። ሱቋን አሁን ስልክ የሚጠግን ሰው ተከራይቷታል። መስታወቱን አንስቶታል፤ ስልክ ምን መስታወት ያስፈልገዋል?

ማንበቡን ግን አልተወም ነበር። የቸገረው መንገሩ ነው። ቤት ውስጥ ባለቤቱ ልብስ እየጣፈች ትቀመጣለች፣ እሱ ትይዩዋ ወንበር ላይ።

"ይሄ የአሁኑ ደራሲ" ይጀምራል፣ "ዝናብ የጀመረ እንደሆን አያባራም። ሰውየው ከቤት ወጥቶ አውቶቡስ እስኪሳፈር ጨርቄ እስኪበሰብስ አነበብኩ። ግን ልጅቷ ጥሩ ሰው ናት። አባቷ ምን አደረገ መሰለሽ..."

"መጨረሻውን ንገረኝና ልገላገል" ትላለች ባለቤቱ። ክፋት የላትም። እሷ ሰርግ ቤት ሄዳ እንኳ ኬኩ የሚቆረጥበትን ሰዓት ጠይቃ ነው የምትቀመጠው።

መጨረሻውን ይነግራታል። "ደግ" ብላ ክሯን ትበጥሳለች። አለቀ። ስልክ ጠጋኙን ሞከረው፤ ልጁ በአክብሮት ራሱን እየነቀነቀ ስልክ ይፈታል። የሰፈር ሽማግሌዎችን ሞከረ። እነሱ መስማት ይፈልጋሉ፤ አሁን እሱ ነው ያቃተው። መሃል ላይ ስም ይጠፋዋል፣ ፊተኛው ኋላ ይመጣበታል፣ እጆቹን የሚያደርግበት አጥቶ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣቸዋል። ያነበበው ሁሉ ሆዱ ውስጥ እየተከማቸ ቀረ። ይሄ ነገር አሳዘነው፣ ቀጥሎ አስኮረፈው። አንድ ቀን ተነሳና መጻሕፍቱን ካርቶን ውስጥ ከተተ።

"ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሰዎች መጥተው ይወስዱታል" አላት ለባለቤቱ። "ከእንግዲህ አላነብም። ለብቻ ያነበቡት ለብቻ እንደሳቁት ነው፤ ሰው ካየ አብዷል ይላል።"

ባለቤቱ የደረደራቸውን ካርቶኖች በር ሥር አይታ ልብሱን ሳትጥፍ ዋለች።

ሾፌሩ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። ሰፈሩን ጠይቆ፣ ካርቶኖቹን ተሻግሮ፣ ኮፍያውን እንዳደረገ ገብቶ ቆመ። ትከሻው ያው ነው፤ ጢሙ ሸብቷል። እጁ ላይ አንድ መጽሐፍ ይዟል።

"ጋሽ ምዕራፍ፣ ጉድ ሠራኸኝ" አለ፣ ሰላምታውን ሳይጨርስ።

"ምን አደረግኩህ ወዳጄ?"

"አንድ ጣቢያ ላይ መጽሐፍ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ይቺን አገኘሁ። ገልበጥ ሳደርግ ዳቦ ጋጋሪዋ! እኔ በዕድሜዬ መጽሐፍ ገዝቼ አላውቅም። መኪናዬ ውስጥ ሆኜ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ሰውየው የለም።"

"የትኛው ሰውዬ?" አለ ጋሽ ምዕራፍ፤ የትኛው እንደሆነ እያወቀ።

"የመርከቡ አዛዥ ነዋ! በዝናብ የገባው። ገጽ የተቀደደ መስሎኝ ተመልሼ ሄጄ ሌላ ቅጂ አስወጣሁት። እዚያም የለም። ሴትዮዋ ብቻዋን ተከራክራ፣ ብቻዋን ተሸንፋ፣ እህቷ ቤት ሄደች። አንተ የነገርከኝ እንዲህ ነው?"

ጋሽ ምዕራፍ ፊቱ ጋለ። ባለቤቱም መርፌዋን አቁማ ታየዋለች። ስለዚያ ትከሻ ላይ የተኛ ፀጉር፣ ስለ ሁለቱ መጻሕፍት፣ መስታወት ውስጥ ስላየው ፈገግታ ነገረው። ሰውየው ይቀየመኛል ብሎ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

ሾፌሩ መጽሐፉን አገላብጦ "እንግዲያ" አለ፣ "የትም ገዝቼ ላገኘው አልችልም ማለት ነው?"

"የትም የለም።"

"ታዲያ ዳቦ ቤቱ በር ላይ አቁመኸው ነው የሄድኩት። ገባ ወይስ ወደ መርከቡ ሄደ? መንገድ ላይ ስንት ዓመት ሙሉ እንደማስበው ታውቃለህ? ሽቅቡን ስወጣ አስገባዋለሁ፣ ቁልቁለቱን ስወርድ ወደ መርከቡ እልከዋለሁ። ያንተን ንገረኝ።"

ጋሽ ምዕራፍ አፉን ከፈተ። "በሩ ላይ ቆሞ..." አለ። ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ መቀስ ፈለጉ። "ቆሞ..." ከዚያ ወዲያ ምንም አልመጣለትም።

"አልቻልኩም" አለ። "መቀስ ካልያዝኩ አይመጣልኝም። መቀስ ደግሞ ከእንግዲህ አልይዝም፤ ሰው አቆስላለሁ። ተወኝ ወዳጄ።"

ያን ጊዜ ሾፌሩ ኮፍያውን አነሳ። አንድ ዘለላ የለም። ከግንባሩ እስከ ማጅራቱ ልሙጥ የሆነ መላጣ፣ የመስኮቱ ብርሃን ሲያርፍበት ያብረቀርቃል።

"ምኑን ታቆስለዋለህ?" አለ። "ራቅ ብለህ አየሩን ቁረጠው።"

ባለቤቱ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ተነሳች። ክር የምትቆርጥበትን መቀስ ከቅርጫቷ አወጣች፤ የሱቋ መቀስ ነው፣ እጀታው በእሱ አውራ ጣት ልክ የተበላ። ሾፌሩን ወንበር ላይ አስቀመጠችው፣ ፎጣ አንገቱ ላይ አሰረችለት፣ መቀሱን ለባሏ ሰጠችው።

ጋሽ ምዕራፍ ከኋላው ቆመ። ከሾፌሩ ራስ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጎ አንዴ ቀጭ አደረገ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ አየሩ ግን አይደማም። ሁለቴ፣ ሦስቴ ቀጭ አደረገ። ሾፌሩ ዓይኑን ጨፈነ።

"በሩ ላይ ቆሟል" አለ ጋሽ ምዕራፍ። "ልብሱ አዲስ ነው፣ የአዛዥ ልብስ ነው፤ ቁልፎቹ ያበራሉ። ሴትዮዋ ከውስጥ በመስኮት አየችውና አላወቀችውም። ዘበኛውን እንጂ አዛዡን መቼ ታውቀዋለች? የባሏ ወንድም የላከባት የፍርድ ቤት ሰው መሰላት። በሩን በመቀርቀሪያ ዘጋችበት..."

መቀሱ እየሄደ ነው፤ ቃሉም እየሄደ ነው። ስሞቹ ሳይጠሩ መጡ። የዱቄቱ ሽታ፣ የወደቡ ፊሽካ፣ የአዛዡ ጫማ ላይ ያረፈው ዝናብ፣ ሁሉም ተራውን ጠብቆ መጣ። ባለቤቱ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። በመሃል አንዴ አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ጋሽ ምዕራፍ በጆሮዎቹ ዙሪያ ዞረ፣ ማጅራቱን አስተካከለ። መርከቡ ሁለተኛ ፊሽካ ነፋ። አዛዡ ያን የሚያበራ ኮቱን አውልቆ ክንዱ ላይ ጣለ፣ ሴትዮዋም በመስኮት እያየችው እጇ ወደ መቀርቀሪያው ሄደ።

ጋሽ ምዕራፍ መቀሱን አስቀመጠ። ብሩሽ ስላልነበረው የፎጣውን ጫፍ ይዞ የሾፌሩን አንገት ጠረገለት።

"ከዚያስ?" አለ ሾፌሩ ዓይኑን ሳይገልጥ።

"ቀሪው ፀጉርህ ሲያድግ።"

ሾፌሩ መላጣውን በመዳፉ ዳበሰ። "ጋሽ ምዕራፍ፣ ይሄ መቼ ሊያድግ ነው?"

መልሱን የሰጠችው ባለቤቱ ናት፤ ያቺ ሁሌ መጨረሻውን የምትጠይቀው። በር ሥር የነበረውን ካርቶን በእግሯ እየገፋች ወደ ጓዳ ስትመልስ ነበር።

"ቅዳሜ" አለች። "ቅዳሜ ያድጋል።"